የእቁባችን ገንዘብ «በመብራት ሽቦ ኢንተርኔት» ላይ አይውጣ

ሰሞኑን ከሞያሌ እስከ ሶሎሎና ዋልዳ ባለነው ነጋዴዎች መካከል አንድ ወሬ ይዞራል፤ ከወሬም አልፎ የእቁባችን መወያያ ሆኗል። አንድ እቃ አለ፤ በመብራት ሶኬት ላይ ሲሰካ ኢንተርኔቱን በቤቱ የመብራት ሽቦ አድርጎ ወደ ሌላ ክፍል ያደርሳል። ከአባሎቻችን ጥቂቶቹ፣ የእቁቡ ገንዘብ ይውጣና ከናይሮቢ ሉቱሊ መንገድ በካርቶን እናምጣው፣ ለአባላት በዱቤ ይታደል፣ የተረፈውን ማዶ ተሻግረን ለኢትዮጵያዋ ሞያሌ ደንበኞች እንሸጠዋለን ይላሉ። ይህን የምንጽፈው ሐሳቡን የተቃወምን አባላት ነን። በስብሰባው ላይ ጩኸት በዛና ምክንያታችንን ለመዘርዘር ጊዜ አላገኘንም። ስለዚህ እዚህ በጽሑፍ እናስቀምጠዋለን፤ ያልተስማማ ደግሞ በጽሑፍ ይመልስልን።

በመጀመሪያ፣ ችግር የለም አንልም። አለ። የብዙዎቻችን ቤት አንድ ዓይነት ነው፤ ሱቁ ፊት ለፊት መንገዱ ላይ፣ መጋዘኑ መሐል፣ መኖሪያው ከኋላ። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነም መጋዘኑ ቆርቆሮ ነው፤ ጣራውማ ሁሉም ጋ ቆርቆሮ ነው። ዋይፋይ ማለት የሬዲዮ ሞገድ ነውና ብረት ሲያጋጥመው ይመለሳል። ራውተሩ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ ባንኮኒው ላይ ሙሉ አራት መስመር የሚያሳየው ስልክ፣ መጋዘኑን አልፎ ጓዳ ሲገባ ባዶ ይሆናል። ማታ ሱቅ ዘግታ የቀኑን ሽያጭ ቤቷ ሆና ልትመዘግብ የፈለገች እህት፣ ወደ ሱቁ ተመልሳ በጨለማ ትቀመጣለች። ልጅ የትምህርት ቤት ሥራውን በር ላይ ቆሞ ይልካል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። የምንከራከረው በመድኃኒቱ ላይ ነው።

እቃው ምን እንደሆነ በቅጡ እንናገር፤ ምክንያቱም ደጋፊዎቹ ሲያስረዱ ሰው ተአምር መስሎታል። ሁለት ትናንሽ ሳጥን ነው፤ ስፒናቸው ጀርባቸው ላይ ነው። አንዱን ራውተሩ አጠገብ ትሰኩና በአጭር ኬብል ከራውተሩ ጋር ታያይዙታላችሁ። ሌላውን ቤት ውስጥ ትሰኩና ከኮምፒውተሩ ጋር ታያይዙታላችሁ፤ አንዳንዱ ራሱ ዋይፋይ ይረጫል። የመብራት ኃይል በሽቦው ላይ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ሳጥኑ በዚያው ሽቦ ላይ በሰከንድ ከ2 ሚሊዮን እስከ 30 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ደካማ ምልክት ይጭናል፤ አዳዲሶቹ ከዚያም በላይ ይወጣሉ። ወዲያ ማዶ ያለው ሳጥን መብራቱን ትቶ ምልክቱን ብቻ ይለቅማል። ሆምፕለግ የተባለው ደንብ የመጀመሪያው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ሆምፕለግ ኤቪ የተባለው በ2005 ተከተለ። በአውሮፓ ብዙ ቤት ውስጥ ይሠራል። ስለዚህ እቃው የሌባ እቃ አይደለም፤ እንዲህ ብለን አናውቅም፤ በስብሰባው ላይ እንዲህ አላችሁ የተባልነውም ሐሰት ነው።

ሐሰቱ ያለው በአሻሻጡ ነው። ከመካከላችን አንዳንዶች ለደንበኛ «መብራት ካለህ ኢንተርኔት አለህ» እያሉ ነው። ማዶ ያሉ ሰዎች ይህን ሰምተው ወርሃዊ ክፍያ የሚቀርላቸው መስሏቸው ጠይቀውናል። ኢንተርኔቱ የሚመጣው ከሳፋሪኮም ወይም ከኢትዮ ቴሌኮም ነው፣ በሲም ወይም በፋይበር፣ ተከፍሎበት። ሳጥኑ ቤት የገባውን ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል ከማሻገር ሌላ ሥራ የለውም። ራውተር የሌለው ሰው ሳጥኑን ቢሰካ የሚያገኘው አንዲት አረንጓዴ መብራት ነው።

የወሬው ምንጭም ይገባናል። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ማርሳቢት ካውንቲን አቋርጦ እስከ ሱስዋ የሚሄደውን ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ 1,045 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በእንዲህ ያለ ትልቅ መስመር ላይ ከምሰሶው ጫፍ መብረቅ ለመከላከል የሚዘረጋው ሽቦ በሆዱ ፋይበር ይይዛል። ኬንያ ፓወርም በምሰሶዎቹ ላይ ያለውን ፋይበር ለኢንተርኔት ኩባንያዎች ያከራያል። ነገር ግን እዚያ ዳታው የሚጓዘው በቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ በብርሃን ነው፤ መብራቱን በሚሸከመው ሽቦ አይደለም። (በነገራችን ላይ ያ መስመር በሰፈራችን ቢያልፍም ለእኛ አምፖል አያበራም። በሁለቱ ጫፎች ካሉት ጣቢያዎች በቀር መሐል ላይ መውረጃ የለውም። ይህ ግን ሌላ ቀን የምንጽፈው ነው።)

በከተማ መብራት መስመር ኢንተርኔትን ቤት ድረስ ለማድረስ የሞከሩ አሉ። በእንግሊዝ አገር ማንችስተር ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ተሞክሮ በ1999 ቀረ። በአሜሪካ ቨርጂኒያ የምትገኘው የማናሰስ ከተማ ለነዋሪዎቿ ዘርግታ ስትሠራበት ቆይታ በ2010 ዘጋችው። ገንዘብም፣ ባለሙያም፣ የማይቆራረጥ መብራትም ባላቸው ከተሞች ያልቆመ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንግባ፤ እሱም መብራት ነው። የኬንያዋ ሞያሌ ለዓመታት መብራት ስታገኝ የኖረችው ከኢትዮጵያ በኩል በሚሻገር መስመር ነው። ወዲያ ሲጠፋ ወዲህም ይጠፋል፤ ድንበር የማያውቅ ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጋዴ ብልሃት አበጅቷል። ራውተር 12 ቮልት የሚበላ ትንሽ ነገር ስለሆነ፣ ሚኒ ዩፒኤስ የምትባለዋ ትንሽ ባትሪ ወይም የሶላሩ ባትሪ ለሰዓታት ታቆመዋለች። መብራት ቢጠፋም ኤም ፔሳው ይሠራል፣ ደንበኛው አይመለስም። ሳጥኖቹ ግን ከግድግዳው ሶኬት ውጭ ሕይወት የላቸውም። መብራት ሲጠፋ ራውተሩ ሱቅ ውስጥ በሕይወት አለ፣ ጓዳው ግን ሞቷል። ኢንተርኔቱን ወደ ቤት አስገባለሁ ብላችሁ ገንዘብ ከፍላችሁ፣ ኢንተርኔቱን ከመብራቱ ጋር በአንድ ገመድ አሰራችሁት ማለት ነው። መብራት በዓመት አንድ ቀን በሚጠፋበት አገር ይህ ጉድለት አይደለም። እኛ ጋ ግን ነው።

በሶላር ብቻ ለሚሠራ ሱቅማ ነገሩ ጭራሽ አይሆንም። አምፖሉና ቻርጀሩ በቀጥታ ከ12 ቮልት ባትሪ የሚበሉ ከሆነ ሳጥኑ የሚሰካበት ሶኬት የለም። በርካሽ ኢንቨርተር 240 ቢያወጡለትም፣ የእንደዚያ ዓይነት ኢንቨርተር መብራት ራሱ ጫጫታ የሞላበት ስለሆነ ምልክቱን ይረብሸዋል። ሱቁ በጄኔሬተር፣ ቤቱ በመንግሥት መብራት የሆነበት ግቢም አለ፤ ማብሪያው ወዲህና ወዲያ ሲገለበጥ ሁለቱ ሳጥኖች በሁለት የተለያየ መስመር ላይ ይቀራሉ፤ ያኔ ተፈላልገው አይገናኙም።

ከዚህ የባሰው መብራቱ ሲመለስ ነው። እዚህ ከተማ ፍሪጅ ያለ ጋርድ፣ ቴሌቪዥን ያለ ስታብላይዘር የሚሰካ ሰው አታገኙም። ለምን? መብራት ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ ስለምናውቅ ነው። ታዲያ የሳጥኖቹ መመሪያ ምን ይላል? በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት፣ በማከፋፈያ ላይ አትሰኩት፣ በተለይ መከላከያ ባለው ማከፋፈያ ላይ አትሰኩት ይላል። ምክንያቱም መከላከያው የተሠራው ከሃምሳው ውጭ ያለውን መርገብገብ ሁሉ ለማጣራት ነው፤ ምልክቱን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይውጠዋል። እንግዲህ ምረጡ። መከላከያ ብታደርጉለት አይሠራም፤ ባታደርጉለት እርቃኑን ይቆማል። አንዱ ሳጥን ሲመታ ደግሞ በኬብል የተያያዘው ራውተርና ኮምፒውተርም አብሮ ሊመታ ይችላል። በዱቤ የሰጠነው እቃ በሁለተኛው ወር ሲቃጠል ቀሪውን ማን ይከፍላል? የእቁቡ ጸሐፊ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረውም። እኛም የለንም።

ወደ ግድግዳው እንግባ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የቤታችን ሽቦም እንደዚያ የታጠቀ ነው። አንድ አምፖልና አንድ ሶኬት ተብሎ ተጀመረ፤ ከዚያ ክፍል ተጨመረ፣ ከዚያ ፍሪጅ ገባ፣ ከዚያ ምጣድ። በየጭማሪው ሽቦው ተቆርጦ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር ተጠቀለለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከቤቱ እቃ ሁሉ በላይ የሚጎትት ነው፤ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ያ የተጠመዘዘ ቦታ ይሞቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይላላል፣ ሲላላ የበለጠ ይሞቃል። ምልክቱ የሚያልፈው በዚሁ በላላ ቦታ ነው። ሳጥኑ ደካማ ሆነ፣ ቀይ አበራ፣ ይቆራረጣል ብሎ የሚያማርር ደንበኛ ሲመጣ፣ ሻጩ «ሶኬት ቀይር» ብሎ ይመልሰዋል። አንዳንዴ ጥፋቱ ሌላ ይሆናል፤ አጠገቡ የተሰካ ርካሽ የስልክ ቻርጀርም፣ የሚሽከረከር ሞተርም ይረብሸዋል። ነገር ግን ቻርጀሩም ሞተሩም ተነቅሎ ምልክቱ ካልተስተካከለ፣ ግድግዳው ውስጥ ምን እንዳለ ኤሌክትሪሻን ጠርቶ ማየት ነው እንጂ ከሶኬት ሶኬት መንከራተት አይደለም። የላላ መጋጠሚያ ኢንተርኔት ማዘግየቱ ትንሹ ጥፋቱ ነው፤ ቆርቆሮና እንጨት በሆነ መጋዘን ውስጥ ትልቁ ጥፋቱ ምን እንደሆነ ለእናንተ አንነግርም።

የመሬት ሽቦም አለ። የኬንያ ሶኬት ሦስት ቀዳዳ ነው፣ ስፒናውም በሆዱ ፊውዝ አለው። የኢትዮጵያው ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው። ከናይሮቢ የመጣ ሳጥን ማዶ ሲሻገር መቀየሪያ ይሰካበታል፤ ብዙው መቀየሪያ ደግሞ የመሬቱን እግር የትም አያደርሰውም። ቮልቱስ ችግር የለም፤ 220ውንም 240ውንም ይችላል። ነገር ግን አዲሶቹና ውዶቹ ሳጥኖች ፍጥነታቸውን የሚያገኙት ከሁለቱ ሽቦ ሌላ ሦስተኛውን፣ የመሬቱን ሽቦ፣ እንደ ተጨማሪ መንገድ ስለሚጠቀሙበት ነው። የመሬት ሽቦ በሌለው ቤት ያ መንገድ የለም። ማዶ ያለችው ደንበኛችን የከፈለችው ግድግዳዋ ውስጥ በሌለ ሽቦ ላይ ነው። ወዲህ ያለነውም አንኩራ፤ ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ሁሉ ሦስተኛው ቀዳዳ መሬት ደርሷል ማለት አይደለም። ሶኬቱን ፈትቶ ያየ ያውቃል።

ስለ ቁጥሩም እንናገር፤ በኮሜርስ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ዓመት የተማርነው ነገር ቢኖር ቁጥር ሲያዩ የምን ቁጥር ነው ብሎ መጠየቅ ነውና። ሳጥኑ ላይ 600 ይላል። ይህ ቁጥር መላክና መቀበል ተደምሮ፣ ሽቦው እንከን የለሽ ሆኖ፣ ሁለቱ ሳጥኖች አጠገብ ለአጠገብ ሆነው በወረቀት ላይ የሚገኝ ነው። ከዚያም 600 ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ የኬብል መሰኪያቸው የሚያሳልፈው ቢበዛ 100 ነው። ይህንን የሚናገረው በካርቶኑ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ነው። ስድስት መቶ ኪሎ ይይዛል ተብሎ የተሸጠ፣ አፉ ግን መቶ ኪሎ ብቻ የሚያስወጣ ጎተራ ቢያመጡልን እኛ ነጋዴዎች ምን እንል ነበር? ለቲፍ እንዲህ የማናደርገውን ለሳጥን አናድርገው።

የግቢ ኪራይ ያላችሁ ደግሞ ይህን ስሙ። በአንድ ቆጣሪ አራትና አምስት ተከራይ የሚጠቀምበት ግቢ ብዙ ነው። ቶከኑ በጋራ ይሞላል፣ ክፍያው በአምፖል ቁጥር ይካፈላል፣ ጭቅጭቁም የታወቀ ነው። በአንድ ቆጣሪ ሥር ያለ ሽቦ ለሳጥኑ አንድ ቤት ነው፤ የእናንተን ግድግዳ ከጎረቤት ግድግዳ አይለይም። ሳጥኖቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ብዙዎቹ አንድ ዓይነት የጋራ መለያ ይዘው ነው የሚወጡት። ምስጢር ቁልፍ አላቸው፤ ግን የጥንዱን ቁልፍ ተጭኖ አዲስ መለያ ያልሰጣቸው ሰው በሩን ዘግቶ መክፈቻውን በሩ ላይ እንደተወ ነው። ጎረቤት ያንኑ ዓይነት ሳጥን ከዚያው ካርቶን ገዝቶ ቢሰካ፣ ሳያስበው እናንተ ኔትወርክ ውስጥ ይገባል። የባንኩና የኤም ፔሳው መተግበሪያ የራሳቸው መቆለፊያ አላቸው፤ በዚያ በኩል አናስፈራራም። የካሜራው መቅጃ፣ የዋጋ ዝርዝር ያለበት የጋራ ፎልደር፣ የራውተሩ መግቢያ ግን ብዙ ጊዜ ወይ የይለፍ ቃል የላቸውም፣ ወይ ከፋብሪካ የመጣው አልተቀየረም። የዱቤ ደብተራችንን ለጎረቤት ነጋዴ የምናሳይ ሰዎች አይደለንም። እቁባችን አንድ ካርቶን ሙሉ አንድ ዓይነት ሳጥን ለአንድ ሰፈር ሊያድል ሲነሣ ይህን አስቦበታል?

አንድ ነገር ደግሞ ለሽማግሌዎቻችን ብለን እንጨምር። ሳጥኑ የሚጠቀምበት የሞገድ ክልል አጭር ሞገድ ሬዲዮ የሚሰማበት ነው። የመብራት ሽቦ ደግሞ ሽፋን የለውምና እንደ አንቴና ይረጨዋል። ማታ ዜና በአጭር ሞገድ የሚከታተሉ አባት ቤት አጠገብ ሳጥን ቢሰካ፣ ሬዲዮኑ ሊያሽ ይችላል፤ እሳቸውም ባትሪው አለቀ ብለው አዲስ ይገዛሉ።

እንግዲህ ከወዲያ በኩል የሚነሣውን ክርክር እንስማ፤ በስብሰባውም ጠንከር ያለው እሱ ነበር። «ተከራይ ግድግዳ መብሳት አይችልም፤ አከራይ አይፈቅድም፤ ሳጥኑ ግን ምንም ሳይነካ ይሰካል፣ ሲለቅ ነቅሎ ይሄዳል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ይህን አናጣጥልም። ቤቱ አዲስ ከሆነ፣ ቆጣሪው የራሱ ከሆነ፣ የመሬት ሽቦው በቴስተር ተለክቶ ከተገኘ፣ ሥራውም ለቴሌቪዥን ወይም ለልጅ ትምህርት ከሆነና መብራት ሲጠፋ ቢቋረጥ የሚጎዳው ነገር ከሌለ፣ ይግዛ። በራሱ ገንዘብ፣ ሞክሮ፣ ካልሠራ በሳምንት ውስጥ ሊመልስ ተስማምቶ ይግዛ። እንዲህ ያለ ቤት በመካከላችን አለ፤ ግን አንድ ካርቶን የሚያስገዛ ብዛት የለውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ሲባል የሁሉ አባል መዋጮ አይታሰርም።

ሁለተኛው ክርክር «ማዶ ይሸጣል፣ ትርፍ አለው» ነው። ማዶ መገናኛ እቃ ሲገባ ፈቃድ የሚጠይቅ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 1148፣ በ2011 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው። ወዲህም የኬንያው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲሁ የእቃውን ዓይነት ያጸድቃል። በጋራ መፈተሻው ጣቢያ በኩል ካርቶን ተሸክሞ የሚያልፈው የእቁቡ ሊቀመንበር አይደለም፤ ከእኛ አንዷ ናት። ሲያዝ የምትከስረውም፣ የምትጠየቀውም እሷ ናት። ሻጭ ደግሞ ማዶ ላለ ደንበኛ የማይሠራ እቃ ሸጦ በሚቀጥለው ሳምንት ስኳርና ዘይት ይዞ እዚያው በር ማንኳኳት አለበት። ሞያሌ ሁለት አገር ብትሆንም አንድ ገበያ ናት።

ታዲያ እናንተ ምን ታመጣላችሁ ለምትሉን፤ ኬብል ነው የምናመጣው። ተራ የኔትወርክ ኬብል። ከሱቁ ራውተር ተነሥቶ በጣራው ሥር በፕላስቲክ ቱቦ አልፎ ጓዳ ይገባል፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ዋይፋይ የሚረጭ ራውተር ይሰቀልበታል። አንድ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ሳይደክም ያደርሳል፤ የማናችንም ግቢ ያን ያህል አይረዝምም። ሃያ ሜትር ኬብል ከአንድ ጥንድ ሳጥን ዋጋ በታች ነው። መብራት ሲጠፋ ኬብሉ ምንም አይለውም፤ በሁለቱም ጫፍ ያሉት ራውተሮች ባትሪ ካላቸው ይሠራል። ከጎረቤት ሽቦ ጋር አይነካካም። ሬዲዮኑንም አያስጮህም።

ኬብልም የራሱ ተንኮል አለው፤ እሱንም እንናገር እንጂ እቃ ስናሞግስ አንዋሽ። ገበያው ላይ መዳብ ተብለው የሚሸጡ፣ ሆዳቸው ግን አሉሚኒየም ሆኖ በላዩ መዳብ የተቀባ ብዙ ኬብሎች አሉ። አንዱን ክር ይዛችሁ በቢላ ፋቅ አድርጉት፤ ከሥሩ ነጭ ብርማ ከወጣ ተዉት። ከመዳቡ ይልቅ ቀላል ነው፣ ቶሎም ይሰበራል። ኬብሉን ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ አታስገቡ፤ አደጋም ነው፣ ይረበሻልም። ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላ ሕንፃ በአየር ላይ መዘርጋት ካለበት ደግሞ መብረቅ አለ፤ የሚያዝያ ዝናብ ሲመጣ ሁለቱንም ራውተር ሊወስድ ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ግቢ ፋይበር ወይም ከጣራ ጣራ የሚተያይ የውጭ ዋይፋይ ይሻላል፤ ባለሙያ ይጠየቅ።

ለአከራዮችም አንድ ቃል አለን፤ ከመካከላችሁ የእቁቡ አባላት ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ተከራይ በጣራ ሥር አንድ ቱቦ ላሳልፍ ሲላችሁ እምቢ የምትሉት ቤቱ እንዳይበላሽ ብላችሁ ነው። ያው ተከራይ ግን ምጣዱን፣ ፍሪጁንና የውሃ ማሞቂያውን በአንድ በተጠማዘዘ ሽቦ ላይ ሲሰካ ዝም ትላላችሁ። የቱ ነው ቤት የሚያበላሸው? ቱቦውን ፍቀዱ። ከቻላችሁም ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ አድርጉ፤ የአምፖል ቆጠራው ጭቅጭቅም ያን ቀን ያልቃል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ የምናቀርበው ይህ ነው። የካርቶኑ ግዢ ይሰረዝ። በምትኩ እቁቡ አንድ ጥቅል እውነተኛ የመዳብ ኬብል ይግዛ፤ አንዱ ጥቅል 305 ሜትር ነው፣ ለአንድ ቤት ሃያ ሜትር ብንቆርጥ ለአሥራ አምስት ቤት ይበቃል። ጫፍ ማሰሪያ ፒንሳና ቴስተር አብሮ ይገዛና የእቁቡ ንብረት ሆኖ ይመዝገብ። ከልጆቻችን ሁለቱ ጫፍ ማሰር ይማሩ፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በዚያው ጉዞ ኤሌክትሪሻኑ እየዞረ የየቤቱን መጋጠሚያና የመሬት ሽቦ ይይ፤ የእሱን ክፍያ ከትርፉ ላይ እንችላለን።

ቤታችሁን ከሱቁ ራውተር እስከ ጓዳ፣ ግድግዳውን ተከትላችሁ፣ በገመድ ለክታችሁ የሜትሩን ቁጥር ይዛችሁ ኑ። መታጠፊያው ላይ አንድ አንድ ሜትር ጨምሩበት።